ወደ አሳል ሐይቅ ምን ይዘን እንሂድ? የመልክዓ ምድር ፎቶ ለማንሣት የዕቃ አመራረጥ

ከፎቶግራፍ ክበብ አባላት

በዚህ የዓመት መጽሐፍ መካከለኛ ገጾች ላይ የምታዩዋቸውን የአሳል ሐይቅ ፎቶዎች ያነሣነው በጥር ወር ነው። ፎቶዎቹ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ ጀምሮ ብዙዎቻችሁ “በምን ካሜራ ነው ያነሣችኋቸው?” እያላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ደስ ቢያሰኘንም መልሱ በካሜራ ስም የሚያልቅ አይደለም። ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ካሉን ጥቂት ዕቃዎች መካከል የትኛውን ወስደን የትኛውን ቤት እንደምንተው መወሰኑ ነበር። ዓምና ሳንወስን ሄደን ተቀጥተንበታል። ስለዚህ የተማርነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን፤ ከእኛ በኋላ ክበቡን የሚረከቡ ተማሪዎች እንዲጠቀሙበት፣ ወላጆችም የልጃቸው ቦርሳ ሲዘጋጅ ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያውቁ።

1. ስለ ቦታው

የአሳል ሐይቅ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ በመሆኑ በአፍሪካ ዝቅተኛው ሥፍራ ነው። ውሃው ከውቅያኖስ ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ከጉቤት የባሕር ወሽመጥ በመሬት ውስጥ እየሰረገ የሚመጣው የባሕር ውሃ በፀሐይ ይተንና ጨውን ትቶ ይሄዳል። በሐይቁና በጉቤት መካከል የምታዩት ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ትፋት ነው፤ ከዚያም ውስጥ አዲሱ የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 የተፋው ነው። የአፋር ነጋዴዎች ከዚህ ሐይቅ ጨው በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይወስዱ እንደነበር ታላላቆቻችን ነግረውናል፤ በታሪክም የታወቀ ነው።

ይህን ያነሣነው ለጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም። ዕቃ የሚመረጠው ከቦታው ጠባይ ተነሥቶ ነው። አሳል አራት ነገሮችን ይነግረናል፦ ፀሐዩ ይበረታል፣ ነጩ ጨው ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ ጨው ደግሞ ብረትን ይበላል። ዛፍም ጥላም የለም። በተራራ ላይ፣ በጫካ ወይም በባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ ዝርዝራችን ሌላ ይሆን ነበር።

2. ዓምና የሆነው

ዓምና የሄድነው በግንቦት፣ ያውም በቀትር ነበር። “ምን እንደሚያስፈልገን ስለማናውቅ ሁሉንም እንያዝ” ብለን ተስማማን። ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ ሁለት ትራይፖድ፣ አንድ የፊልተር ሣጥን፣ ብልጭታና ቻርጀር ሳይቀር ጫንን። ጠቅላላ ክብደቱ 9 ኪሎ ገደማ ነበር። ከዕቃዎቹ ሁሉ የሚያኮራን ከአንድ ወላጅ የተዋስነው ትልቁ የ70–200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር፤ እሱ ብቻ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል።

ጉቤት ባሕር ዳር ስንቆም ቀዝቃዛ አየር ከሚነፍስበት መኪና ካሜራውን አውጥተን ወዲያው ልናነሣ ሞከርን። ሌንሱ እንደ መስታወት በእንፋሎት ተሸፈነ። ሐይቁ ጋ ስንደርስ ጨዉ ላይ ቆመን፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ሦስት ጊዜ ሌንስ ቀየርን። ቤት ገብተን ፎቶዎቹን በኮምፒዩተር ስንከፍት ከመጀመሪያው ቅየራ በኋላ የተነሡት ሁሉ ሰማያቸው ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ነበረባቸው፤ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። የገዛነው የፖላራይዘር ፊልተር 67 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌንሳችን አፍ ግን 58 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አንድ ጊዜም ሳንጠቀምበት መለስነው። ትራይፖዶቹ ስለከበዱን መኪና ውስጥ ቀሩ።

እነዚህ ሁሉ የሚታረሙ ስሕተቶች ናቸው። ያልረሳነው ግን ሌላው ነው። ትልቁን ሌንስ እንዲይዝ የተመደበው የ8ኛ ክፍል ተማሪ በጨዉ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ራሱን አዞረው፤ እግሩም ከዳው። ሁለት ሆነን ደግፈን ወደ መኪናው አደረስነው። ሾፌራችን ልብሱን አላልቶ፣ አንገቱንና ክንዱን በውሃ አርሶ፣ ቀስ በቀስ ውሃ አጠጣው። ሲሻለው መምህራችን “ውሃህ የት ሄደ?” ብለው ጠየቁት።

“ቲቸር፣ ቦርሳው አልበቃ ሲለኝ ውሃውን አውጥቼ ሌንሱን አስገባሁት” አለ።

ያወጣው ጠርሙስ አንድ ሊትር ተኩል ነበር። ይህም አንድ ኪሎ ተኩል ማለት ነው፤ በትክክል የሌንሱ ክብደት። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። “ሌንሱን አደራ” ያልነው እኛ ነን፤ “ውሃህን አደራ” ያለው ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። በዚያ ሌንስ ደግሞ በዕለቱ አንድም ፎቶ አላነሣንም። ሾፌራችን መኪናውን አስነሥተው “እዚህ አገር የመጀመሪያው ዕቃ ውሃ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይቆጠራል” አሉን። የዘንድሮው ዝርዝራችን የተጀመረው ከዚህ ቃል ነው።

3. ከዕቃው በፊት ፎቶው

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይባላል። ዘንድሮ ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ተሰብስበን ዕቃ ሳናነሣ ምን ፎቶ እንደምንፈልግ ጻፍን። ሦስት ብቻ እንዲሆኑ ተስማማን።

የመጀመሪያው፣ ከእግራችን ሥር ካለው የጨው ቅርፅ ጀምሮ እስከ ማዶው ተራራ ድረስ ሁሉም ጥርት ብሎ የሚታይበት ሰፊ ፎቶ ነው። ሁለተኛው ጥቁሩ ድንጋይ፣ ሰማያዊው ውሃ፣ ነጩ ጨውና ቡናማው ተራራ እንደ ጥለት ተደራርበው የሚታዩበት ነው። ሦስተኛው ከውሃው ሥር ያለውን ጨው የሚያሳይ የቅርብ ፎቶ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ እያነሣን አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ “ይህ ከሌለ ከሦስቱ የትኛው ፎቶ ይቀራል?” መልስ ያጣ ዕቃ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። ብልጭታው በዚህ ቀረ። ለቤት ውስጥ ጥሩ የሆነው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስም ቀረ፤ 50 ሚሊ ሜትር በ18–55 ሌንሳችን ውስጥ አለና። ትልቁ ሌንስ ሲነሣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ማንም የተናገረ የለም። መምህራችን ራሳቸው ወስደው ለባለቤቱ መለሱት።

ይህ አሠራር የእኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1927 ዮሰሚቲ ውስጥ ሃፍ ዶም የተባለውን ትልቅ አለት ለማንሣት በበረዶ ላይ ሲወጣ የተሸከመው 18 ኪሎ ገደማ ነበር። የያዘው የመስታወት ፕሌት ግን 12 ብቻ ነበር። አለቱ ፊት ሲደርስ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱን በቢጫ ፊልተር አነሣ። ያ ፎቶ በልቡ ያየውን ግርማ እንደማያወጣ ስለተረዳ የመጨረሻዋን በጥቁር ቀይ ፊልተር አነሣት፤ ሰማዩ ጠቁሮ አለቱ ገዝፎ ወጣ። ስሙን ያስጠራው ይህ ፎቶ ነው። ከሸክሙ ሁሉ ሥራውን የሠራችው ያቺ ትንሽ ቀይ መስታወት ነበረች፤ እሷንም የጠቀማት ምን ፎቶ እንደሚፈልግ ቀድሞ ማወቁ ነው።

4. ካሜራና ሌንስ

ለመልክዓ ምድር ፎቶ ሰፊ ሌንስ ብቻ እንደሚያስፈልግ የሚያስብ ብዙ ነው፤ እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። ሰፊ ሌንስ፣ ለምሳሌ 18 ሚሊ ሜትር፣ ቅርብ ያለውን አግዝፎ ሩቅ ያለውን ያሳንሳል። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚታይ ጥሩ ነገር ካለ ያምራል፤ ከሌለ ግን ሐይቁ ቀጭን መስመር፣ ሰማዩ ባዶ ሜዳ ይሆናል። የዓምናው ፎቷችን ሁሉ እንደዚያ ነበር። ረጅም ሌንስ ግን ከሩቁ ቆርጦ ያወጣል፤ የተራራቁትንም ያቀራርባል። ሁለተኛው ፎቷችን፣ ያ የአራት ቀለም ጥለት፣ ያለ ረጅም ሌንስ አይሆንም። ለዚህ ግን አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝነው አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ውድ ሌንስ የሚከብደው በጨለማና በፍጥነት ለሚነሣ ነገር ብዙ ብርሃን እንዲያስገባ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ተራራ አይሮጥም። 400 ግራም ገደማ የሚመዝነው የ55–250 ሌንሳችን በቂ ነበር።

ቀጥሎ ክርክር ተነሣ። ክበቡ በወላጆች ቀን ቡናና ዳቦ ሸጦ የገዛው ካሜራ አንድ ነው። ሁለተኛው የተውሶ ነው። አንድ ካሜራ ብቻ ብንወስድ ሜዳ ላይ ሌንስ መቀየር ግድ ይሆናል። ሁለቱን ብንወስድ አንዱ ላይ ሰፊውን፣ ሌላው ላይ ረጅሙን ከቤት ገጥመን እንሄዳለን፤ አቧራ የሚገባበት በር አይከፈትም። “የሰው ንብረት ነው፤ ጨው ቢነካውስ?” ያሉ ነበሩ፤ ሐሳባቸው ትክክል ነበር። ድምፅ ሲሰጥ ሁለቱም ይሂዱ ያሉት አምስት፣ የለም ያሉት አራት ሆኑ። ባለቤቱን አስፈቅደን ስንጠይቃቸው “ልጆቼ፣ ካሜራ የተገዛው ለሥራ ነው እንጂ ለሣጥን አይደለም። ብቻ ውጭ ሌንሱን አትፍቱት” አሉን። ቃላቸውን ጠብቀናል።

5. ትራይፖድ

ከመካከላችን አንዷ “ዓምናም አልተጠቀምንበትም፤ ለምን እንሸከመዋለን?” ብላ ተከራከረች። ለቀትር ፎቶ ቢሆን ልክ ነበረች፤ ብርሃን ሲበዛ ካሜራው በጣም ፈጥኖ ስለሚያነሣ የእጅ መንቀጥቀጥ አይታይም። ዘንድሮ የምናነሣው ግን ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት አይ ኤስ ኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 11 ላይ ካደረግን ሻተሩ ግማሽ ሰከንድና ከዚያም በላይ ክፍት ሊቆይ ይችላል። በእጅ ይህን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ የሚይዝ የለም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጠዋት ሞክራ ፎቶው ሲደበዝዝ ራሷ አየችና ትራይፖዱን ለመያዝ ፈቀደች።

ከሁለቱ ቀላሉን፣ 1.7 ኪሎ የሚመዝነውን መረጥን። ቀላል ትራይፖድ በነፋስ ይንቀጠቀጣል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ከባድ ብረት መሸከም አይደለም። የመካከሉን ዘንግ አታውጡ፣ እግሮቹን ዝቅ አድርጉ፣ ከሥሩ የውሃ ቦርሳ አንጠልጥሉ። ውሃው እንደሆነ አብሮን አለ! እርጥብ ጨው ላይ ስትተክሉ ደግሞ የታችኛውን ቀጭን እግር እስከ መጨረሻ ዘርጉት፤ መቆለፊያው ከፍ ብሎ ከጨው ይርቃል። መሬቱ ስስ ከሆነ በእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ።

6. ፊልተር

የፖላራይዘር ፊልተር ከውሃ ላይ የሚነሣውን ጸዳል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከውሃው ሥር ያለው ጨው ይታያል። ሦስተኛው ፎቷችን ያለ እሱ አይሆንም። ይህ ውጤት ፎቶ ከተነሣ በኋላ በኮምፒዩተር ሊተካ አይችልም። 67 ሚሊ ሜትሩን ፊልተር 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ የሚያገናኝ ቀለበት በርካሽ ገዝተን የዓምናውን ስሕተት አረምን። ትልቅ ፊልተር በቀለበት ወደ ትንሽ ሌንስ ይገጥማል፤ ትንሽ ፊልተር ግን ለትልቅ ሌንስ ጥግ ጥጉን ስለሚያጨልም አይሆንም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፖላራይዘር ሰማይን የሚያጠቁረው ፀሐይ በጎናችሁ ስትሆን ነው፤ ከጀርባችሁ ወይም ከፊታችሁ ስትሆን ሰማዩ ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው። በሰፊ ሌንስ ደግሞ የሰማዩ አንድ ወገን ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ሊቀር ይችላል። ብርሃንም ስለሚቀንስ ሥራው ሲያልቅ ፍቱት።

ብርሃንን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል የሚቀንሰው ጥቁሩ ኤን ዲ ፊልተር ቤት ቀረ። ወራጅ ውሃን እንደ ሐር ያለሰልሳል፤ ከሦስቱ ፎቷችን ግን አንዱም አልጠየቀውም።

7. ትንንሾቹ ዕቃዎች

ጉዞ የሚያበላሹት ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ባትሪ ማታውኑ ሞልተን ያዝን። ሜሞሪ ካርድ ለእያንዳንዱ አንዳንድ፣ ሦስተኛ መጠባበቂያ ያዝን። የካሜራችን ጥሬ ፋይል፣ ሮው የሚባለው፣ አንዱ ፎቶ 25 ሜጋባይት ገደማ ስለሚፈጅ 32 ጊጋባይት ካርድ ከ1,000 በላይ ይይዛል፤ ለአንድ ጠዋት ይተርፋል። አቧራ ማራገፊያ የጎማ ማናፈሻ ያስፈልጋል፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጫል። ሁለት ለስላሳ ጨርቅ፣ አንዱ ለሌንስ፣ ሌላው በንጹሕ ውሃ ረጥቦ ከካሜራው አካልና ከትራይፖዱ ላይ ጨው ለመጥረግ ያዝን። የግንባር መብራትም አስፈላጊ ነው፤ በጨለማ የሚደርስ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ማየት አለበት።

የካሜራ ቦርሳችን ጥቁር ነው፤ በፀሐይ ይጋላል። አንዲት እናት ከአሮጌ ነጭ አንሶላ መሸፈኛ ሰፉልን። ወጪው ክርና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር።

ስልካችንስ? ስልክ የያዘ ሁሉ ይዞ መጣ፤ ለጉዞ ማስታወሻና ለሰፊ ፎቶ ጥሩ ነው። ነገር ግን በግንቦቱ ሙቀት የአንዳችን ስልክ ግሎ ራሱን ዘግቷል። የስልክ ዙምም ከተወሰነ ርቀት በኋላ ምስሉን እየለጠጠ እንጂ እያቀረበ አይደለም። ካሜራ የሌለው ተማሪ ግን አይቅርበት። ጠዋት ብርሃን ለስላሳ ሲሆን፣ ስልኩ ድንጋይ ላይ ተደግፎ፣ በሰዓት ቆጣሪ ቢነሣ ብዙ ካሜራ ያላነሣውን ያነሣል።

8. ሚዛንና ክፍፍል

ሁሉንም በወጥ ቤት ሚዛን መዘንን። የመጀመሪያው ካሜራ ከሌንሱ ጋር 700 ግራም፣ ሁለተኛው 900 ግራም፣ ትራይፖዱ 1.7 ኪሎ፣ ትንንሾቹ በአንድነት ግማሽ ኪሎ ሆኑ። ድምሩ 3.8 ኪሎ ነው፤ ከዓምናው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በፊት ግን ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ተመደበ። ዘጠኝ ተማሪ፣ ሁለት መምህራንና ሾፌራችን በድምሩ 12 ሰው ስለሆንን 36 ሊትር የሚጠጣ ውሃ፣ በተጨማሪም ለመታጠቢያና ለዕቃ ማጽጃ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ጫንን።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” እንዲሉ፣ ዕቃውን በሰው ከፋፈልን። ደንቡም ይህ ነው፦ መጀመሪያ ውሃ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ በተረፈው ቦታ ዕቃ ይገባል፤ ካልበቃ የሚወጣው ዕቃው ነው። ከመኪናው ከመውረዳችን በፊት ጠርሙሶችን የሚቆጥር ሰው ሾምን። ያ ሰው ዓምና የታመመው ወንድማችን ነበር። ሹመቱን የጠየቀው ራሱ ነው።

9. በዕለቱ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ደረስን። ከመድረሳችን ግማሽ ሰዓት በፊት ሾፌራችን ማቀዝቀዣውን አጥፍተው መስኮት ከፈቱልን፤ ካሜራዎቹም በቦርሳቸው ውስጥ ሆነው ከውጭው አየር ጋር ተላመዱ። ሌንሳችን በእንፋሎት አልተሸፈነም። በመንገድ ላይ ካሜራ አላወጣንም፤ ወደብ፣ የጦር ሠፈርና የፍተሻ ኬላ እንደማይነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ለመጀመሪያው ፎቶ 18 ሚሊ ሜትርና ኤፍ 8 ላይ አድርገን፣ ፎከሱን ሁለት ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ብናሳርፈው ከአንድ ሜትር ጀምሮ እስከ ማዶው ተራራ ድረስ ጥርት ብሎ ወጣ። ይህ በሒሳብ የሚሰላ ነው፤ ከቤት አስልተን በወረቀት ጽፈን ይዘን ነበር። ነጩ ጨው ግን ካሜራውን ያታልለዋል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ስለሚሞክር ጨዉን አጥቁሮ ያወጣዋል። የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ስንጨምር ጨዉ ነጭ ሆነ።

ሁለተኛውን ፎቶ ያገኘነው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከፍ ካለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሆነን በ55–250 ሌንስ፣ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ፎቶ እሱ ነው። በአንድ ድምፅ ብልጫ የመጣ ፎቶ መሆኑን አስታውሱ። ለሦስተኛው ፀሐይ በጎናችን እንድትሆን ቦታ ቀይረን ቆምን፤ ፊልተሩን ስናዞረው ከውሃው ሥር ያለው ጨው ብቅ ሲል ሁላችንም በተራ በካሜራው ቀዳዳ አየን።

ጨው የሚሸጡ ሰዎች አግኝተን ነበር። አስፈቀድን፤ አንዱ እሺ አሉ፣ ሌላው አይሆንም አሉ። አይሆንም ላሉት አመስግነን ካሜራችንን ዝቅ አደረግን። ረጅም ሌንስ መያዝ ከሩቅ ሰርቆ ለማንሣት ፈቃድ አይሆንም።

የጎደለንም ነበር። የግንባር መብራት ሁለት ብቻ ስለያዝን በጨለማ ተጠባብቀን መሄድ ግድ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ያስፈልጋል። ብርሃኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ሲጠነክር ዕቃችንን ሰብስበን ተመለስን፤ ሁሉም ሰው በእግሩ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ጠርሙሶቹ ሲቆጠሩ ባዶ ነበሩ፤ መምህራችንም ደስ ያላቸው ከፎቶዎቹ ይልቅ በዚህ ነበር።

10. ከተመለሱ በኋላ

ጨው በዚያው ቀን ካልተጠረገ ብረት ይበላል። የትራይፖዱን እግሮች ፈተን በንጹሕ ውሃ አጥበን አደረቅን። ካሜራዎቹን ግን ውሃ አላፈሰስንባቸውም፤ በጎማው ማናፈሻ አራግፈን በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ፣ ቀጥሎም በደረቅ ጠረግናቸው። ፎቶዎቹን በሁለት ቦታ ሳንገለብጥ ካርዱን አላጠፋንም። የተዋስነውን ካሜራ በማግሥቱ መለስን። ባለቤቱ ሌንሱን ፈትተው፣ ወደ ውስጥ አይተው፣ “ንጹሕ ነው” አሉ። ለእኛ ከሽልማት አልተናነሰም።

የልምምድ ጥያቄዎች

ሀ. ከቤተሰባችሁ ጋር የምትሄዱበትን አንድ ቦታ ምረጡ። ቦታው ስለ ብርሃን፣ ነፋስ፣ እርጥበትና የእግር መንገድ የሚነግራችሁን አራት ነገር ጻፉ።

ለ. በዚያ ቦታ ማንሣት የምትፈልጓቸውን ሦስት ፎቶዎች በአንዳንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ከዚያ ያላችሁን ዕቃ ዘርዝራችሁ “ይህ ከሌለ የትኛው ፎቶ ይቀራል?” ብላችሁ መልሱ። ስልክ ብቻ ያላችሁም መሥራት ትችላላችሁ።

ሐ. አንድ ነጭ ጨርቅ ዘርግታችሁ ያለ ማስተካከያ፣ ከዚያም ብርሃኑን አንድ ደረጃ ጨምራችሁ አንሡ። ልዩነቱን አስረዱ።

መ. ቦርሳችሁን ከነውሃው መዝኑ። ከቦርሳው ውስጥ አንድ ነገር አውጡ ብትባሉ ምን ታወጣላችሁ? ውሃው የሚል መልስ ዜሮ ያስገኛል።

ዝርዝራችን በክበቡ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል። ከላይ በቀይ የተጻፈው የመጀመሪያው መስመር “ውሃ፣ 3 ሊትር ለአንድ ሰው” ይላል፤ የጻፈውም ጠርሙስ ቆጣሪያችን ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የሚረከቡን ተማሪዎች የቀረውን እንደ ቦታው ሊቀይሩት ይችላሉ፤ ያንን መስመር ግን እንዳይነኩት አደራ እንላለን።